ከትንሽ ምክንያት የሚጀምር ጉዞ
ከመጠጥ ሱስ ስለ መላቀቅና በጸጋ ስለ ማደግ የቀረበ ትምህርት



በዚህ ዕትም የምናቀርበው ትምህርት በብዙ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገረውን ጉዳይ ይመለከታል። በከዚራም ሆነ በሳቢያን፣ በለገሀሬም ሆነ በመጋላ፣ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚገባ አባወራ አለ፤ ልጆቿ እንዳያዩባት አረቄውን ከቁም ሳጥን ጀርባ የምትደብቅ እናትም አለች። ቤተ ሰቡ ጨንቆት ምክር ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ከልቡ ሲፈልግ ይተወዋል» የሚል። ባለጉዳዩም ራሱ ሲጠየቅ «ፍላጎቱ ሲመጣልኝ እተዋለሁ» ይላል። እንዲህ ሁሉም ፍላጎትን ሲጠባበቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ትዳር ይፈርሳል፤ ጤና ይጠፋል፤ አንዳንዱም በጎልማሳነቱ ይቀበራል።

የዚህ ትምህርት ዋና አሳብ ይህ ነው፤ የመተው ፍላጎት ሙሉ ሆኖ እስኪመጣ ተቀምጦ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ከትንሽ፣ አንዳንዴም ከዝቅተኛ ምክንያት ይጀምራል፤ ትንንሽ ቃል ኪዳኖችን በመጠበቅ ይጠነክራል፤ በእግዚአብሔር ጸጋና በወንድሞች ድጋፍ ወደ ፍቅር ያድጋል።

1. ኃጢአት ነው ወይስ በሽታ?

ቅዱስ መጽሐፍ ወይንን አይረግምም። መዝሙረኛው የሰውን ልብ ደስ ከሚያሰኙ የእግዚአብሔር ስጦታዎች ጋር ይቆጥረዋል (መዝ. 104፥15)፤ ጌታችንም የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በቃና ሰርግ ነው (ዮሐ. 2፥1-11)። ይሁን እንጂ መጽሐፈ ምሳሌ ተደብድቦ ሕመሙ ያልተሰማውንና ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ መጠጥ የሚያስበውን ሰው ሥዕል ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል (ምሳ. 23፥29-35)። ዛሬ ሱስ የምንለው ይህንኑ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 መጠንን አለማለፍ የምግባረ ሠናይ ክፍል መሆኑን ያስተምራል፤ ሰክሮ መኪና በመንዳት የራስንና የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ መጣልንም ከከባድ ጥፋት ይቆጥረዋል። በቁጥር 1735 ደግሞ ሥር የሰደደ ልማድ የሰውን ነጻነት ሊያዳክም፣ ስለዚህም ተጠያቂነቱን ሊቀንስ እንደሚችል ያስረዳል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ብርጭቆ በምርጫ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ሰንሰለቱ ከጠበቀ በኋላ ግን ሕክምናው ዓለም በትክክል በሽታ ብሎ የሚጠራው ሁኔታ ይፈጠራል። በበሽታው መያዝ እንደ ወንጀል አይቆጠርበትም፤ እርዳታ መፈለግ ግን የእርሱ ድርሻ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ ካቴኪስቱ «በሽተኛ ነህ» ብሎ ከኃላፊነት እንዳያወጣው፣ «ኃጢአተኛ ነህ» ብሎም ተስፋ እንዳያስቆርጠው ይጠንቀቅ።

2. እግዚአብሔር ትንሹን ምክንያት አይንቅም

የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት እንዲመለስ መጀመሪያ ያሰበው ስለ ምን ነበር? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታሪኩን በጥንቃቄ ብናነብ፣ ወደ ልቡ የመለሰው የአባቱ ናፍቆት ሳይሆን ረሃብ እንደ ነበር እናያለን። የአባቱ ሠራተኞች እንጀራ ተርፏቸው እርሱ ግን በረሃብ መሞቱን አሰበ። አባቱም ሲያቅፈው «በእንጀራ ምክንያት ነው የመጣኸው» አላለውም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ፣ በዘጠነኛው ክፍል፣ ስለ እናቱ ስለ ቅድስት ሞኒካ ተመሳሳይ ነገር ይተርካል። በልጅነቷ ከጎታ ወይን እንድትቀዳ ስትላክ በከንፈሯ ጫፍ መቅመስ ጀመረች፤ ቀስ በቀስም ጽዋ እስከ መጠጣት ደረሰች። ከዚህ ያዳናት ስብከት አልነበረም። አንዲት የቤት አገልጋይ ተጣልታት ሰካራም ብላ ሰደበቻት፤ ስድቡ ልቧን ወጋውና ልማዱን ተወች። አገልጋይዋ ልታቆስላት እንጂ ልትፈውሳት አላሰበችም፤ እግዚአብሔር ግን በዚያው ስድብ ፈወሳት።

ሦስተኛው ምስክር ለዘመናችን የቀረበ ነው። ማት ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1856 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የተወለደ የቀን ሠራተኛ ነበር። በ12 ዓመቱ በወይን ነጋዴዎች ዘንድ ሥራ ሲጀምር መጠጣትም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1884፣ በ28 ዓመቱ፣ ሥራ ፈትቶ ገንዘብ ባልነበረው አንድ ቅዳሜ፣ ደመወዝ የተቀበሉ ጓደኞቹ እንዲጋብዙት በመንገድ ዳር ቆሞ ጠበቃቸው። ስንት ጊዜ የጋበዛቸው ሰዎች ሁሉ አልፈውት ሄዱ። በዚያው ቀን መጠጥ ላለመቅመስ ቃል ገባ።

ረሃብ፣ ስድብና ባዶ ኪስ፤ ሦስቱም ከፍ ያሉ መንፈሳዊ ምክንያቶች አይደሉም። ስለዚህ አንድ ሰው «ሐኪሙ ስላስፈራራኝ ነው» ወይም «ሚስቴ ትታኝ እንዳትሄድ ነው» ቢላችሁ፣ ምክንያቱ ደካማ ነው ብላችሁ አትመልሱት። ያን ቀን በሩ ተከፍቷልና አብራችሁት ግቡ።

3. ቃል ኪዳኑ አጭር፣ ጓደኝነቱ ረጅም ይሁን

በአገራችን መጠጥ ያስመረረው ሰው በካህን ፊት መገዘቱ የቆየ ልማድ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ግዝቱ የሚገባው በጸጸት ግለት «እስከ ዕለተ ሞቴ» ተብሎ ነው። ሰውየው አንድ ቀን ሲሸነፍ ራሱን እንደ ተረገመ ይቆጥራል፤ «አንዴ ፈርሷል» ብሎም ከቀድሞው አብልጦ ይጠጣል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታላቅ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ አለ። አባ ቴዎባልድ ማቲው፣ በሀገረ ስብከታችን ስሙ የታወቀው የካፑቺን ማኅበር አባል፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1838 በአየርላንድ ኮርክ ከተማ ከመጠጥ የመታቀብ ማኅበር መሠረቱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በታላላቅ ጉባኤዎች ፊት ቃል ገባ። ነገር ግን የአየርላንድ ታላቅ ረሃብ ሲመጣና አባ ማቲውም እ.ኤ.አ. በ1856 ሲያርፉ፣ የብዙው ሰው ቃል ኪዳን አብሮ ደከመ። በጉባኤ መካከል ቃል የገባ ሰው በየማታው ከጎኑ የሚቆም ወንድም ያስፈልገው ነበር።

ማት ታልቦት የተወለደው አባ ማቲው በሞቱበት ዓመት ነው። የመጀመሪያ ቃሉ ለሦስት ወር ብቻ ነበር። እነዚያ ወራት ከባድ ስለ ነበሩበት ደጋግሞ ሊተወው አስቦ ነበር። ጊዜው ሲሞላ ግን አደሰው፤ በኋላም ለዕድሜ ልክ አደረገው። በየማለዳው ከሥራ በፊት ቅዳሴ ይሄድ ነበር፤ ፈተና እንዳይሆንበትም ገንዘብ በኪሱ መያዝ አቆመ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1925 ወደ ቅዳሴ ሲሄድ በመንገድ ላይ ወድቆ ሲሞት፣ ከመጠጥ ከተላቀቀ 41 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1975 «ክቡር» የሚለውን የማዕርግ ስም ሰጡት።

እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ለዛሬ ቃል ይግባ፤ ቀጥሎ እስከ እሑድ፤ ቀጥሎም ለሦስት ወር፣ ይኸውም ይህ መጽሔት ከአንዱ ዕትም ወደ ሌላው ለሚደርስበት ጊዜ። የተጠበቀ ትንሽ ቃል «እችላለሁ» የሚል እምነትን ይወልዳል፤ ከዚህም እምነት ፍላጎት ይበቅላል።

4. የሥጋን ነገር አለማወቅ ይገድላል

ይህን ክፍል ካቴኪስቶች በተለየ ጥንቃቄ እንዲያነቡት እንለምናለን። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገትና ያለ ሐኪም ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አእምሮ መቃወስ፣ የሌለ ነገር ማየትና ብርቱ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ዘመድ «ርኩስ መንፈስ ያዘው» ብሎ በቤት እንዳያስቀምጠው። ወዲያውኑ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ይወሰድ። እንዲያውም ከማቆሙ አስቀድሞ ሐኪም ቢያማክር የተሻለ ነው። ጸሎቱም ሕክምናውም ከአንድ አምላክ የተሰጡ ናቸው (ሲራክ ምዕ. 38)።

በከተማችን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይኸውም ጫት ነው። ቀትር ላይ በርጫ ይጀመራል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክል እርሱን ለመስበር «ጨብሲ» ይባልና መጠጥ ይከተላል። በማግስቱ ሐራራው ሰውየውን መልሶ ወደ በርጫው ይወስደዋል። ስለዚህ መጠጡን ሊተው የሚፈልግ ሰው ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓቱን ሳይለውጥ ማታውን ብቻ ሊለውጥ ቢሞክር ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። የማታው ውጊያ የሚወሰነው በቀትሩ ነው። በዚያ ሰዓት ምሳ በልቶ ማረፍ፣ ከዚያም ሥራ ወይም የማይጠጣ ጓደኛ መያዝ ትልቅ መድኃኒት ነው።

የመጠጥ ምኞት እንደ ማዕበል ይነሣል፤ ካልተመገበ ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ረሃብ፣ ቁጣ፣ ብቸኝነትና ድካም ያበረቱታል። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላም ለሳምንታት እንቅልፍ ሊዛባ፣ ሁሉም ነገር ጣዕም ሊያጣ ይችላል። ይህ አንጎል ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ እንጂ እግዚአብሔር የተወው ምልክት አይደለም። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይታገሠዋል፤ ያልተነገረው ግን «መተው ይህ ከሆነ ምን አተረፍሁ?» ይላል።

5. መተው በሩ ነው፣ ቤቱ ግን ገና ነው

ጌታችን ከሰው የወጣው ርኩስ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ከቀድሞው የከፋ እንደሚሆን አስተምሯል (ማቴ. 12፥43-45)። መጠጥ የወጣበት ሕይወት ባዶውን ከተቀመጠ አይጸናም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት፣ ፍርሃትም ይሁን ኀፍረት፣ ቀስ በቀስ በተሻለ ምክንያት መተካት አለበት።

አንዱ የእድገት መንገድ ካሳ ነው። ታልቦትና ጓደኞቹ በስካር ዘመናቸው ከአንድ ድሃ የቫዮሊን ተጫዋች መሣሪያውን ሰርቀው ለመጠጥ ሸጠውት ነበር። ከዳነ በኋላ ሰውየውን ለዓመታት ፈለገው፤ ባያገኘውም ጊዜ ገንዘቡን ስለ ነፍሱ ለቅዳሴ ሰጠ። ዕዳውን ከሚከፍልበት ቀን ጀምሮ ሰው ያለፈውን ከመሸሽ ያርፋል።

ሁለተኛው መንገድ ሌላውን መርዳት ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1935 በአክሮን ከተማ ሥራው ከሽፎበት ለመጠጣት ሲፈተን፣ ራሱን ያዳነው እንደ እርሱ የሚሠቃይ ሌላ ሰው ፈልጎ በማነጋገር ነበር። ያገኘው ሰው ዶክተር ቦብ ስሚዝ ነበር፤ ከሁለቱም ንግግር «አልኮሊክስ አኖኒመስ» የተባለው፣ ስማቸውን ሳይገልጡ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ሰዎች ኅብረት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሲስተር ኢግናሲያ የተባሉ መነኩሲት ከዶክተር ቦብ ጋር በዚያው ከተማ በካቶሊካዊው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሱሰኞችን እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ መቀበል ጀመሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ተፈጽሟል።

ሦስተኛው መንገድ ምሥጢራት ናቸው። በንስሐ መውደቁን በግልጽ የሚናገር ሰው ከመደበቅ ልማድ ይላቀቃል፤ መደበቅ ደግሞ የሱስ ግማሽ አካል ነው። ከመጠጥ የተላቀቀ ምእመን ቅዱስ ደሙን ለመቀበል ቢፈራ ለካህኑ ያሳውቅ። ክርስቶስ በእያንዳንዱ መልክ ምሉዕ ነውና በቅዱስ ሥጋው ብቻ የሚቆርብ ሰው ምንም አይጎድልበትም።

ቢወድቅስ? ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ እንደሚነሣ ተጽፏል (ምሳ. 24፥16)። መውደቁን በጩኸት ሳይሆን በጥያቄ እንቀበለው፤ በየትኛው ቀን? ከማን ጋር? ምን ተሰምቶት? ከመልሱ የሚቀጥለው ሳምንት ጥበቃ ይገኛል።

6. የቁምስናው ድርሻ

በግብዣችን ላይ «በሞቴ!» ብሎ ብርጭቆ መደርደር የፍቅር ምልክት ይመስለናል። አንዱን ወንድማችንን ግን ወደ ሞቱ የምንገፋው በዚሁ ቃል ሊሆን ይችላል። በበዓላችንና በማኅበራችን ያልፈላ ብርዝ፣ ሻይና ቡና በክብር ይቅረብ፤ እምቢ ያለ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅ። ያለ መጠጥ ደስታ የለም የሚል ካለ፣ በድሬዳዋ ተቀምጦ ይህን ማለት አይገባውም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንዲት ጠብታ ሳይቀምሱ ሲድሩና ሲዘፍኑ ስናይ አድገናልና።

የአገራችንም ሕግ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሬዲዮና በቴሌቪዥን መጠጥ ማስተዋወቅን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑም መሸጥ እንዳይቻል ደንግጓል። ወላጆች ይህን ጥበቃ በቤታቸው ይጀምሩት፤ ልጅን አረቄ ግዛ ብሎ መላክ ይቅር።

ለሚስቶችና ለእናቶች አንድ ቃል አለን። ምግቡንና አክብሮቱን አትንፈጉት፤ ነገር ግን ለመጠጥ ገንዘብ አትስጡት፤ ለአለቃውም «አሞታል» ብላችሁ አትዋሹለት። ይቅር ማለት መደብደብን መቀበል ማለት አይደለም፤ አደጋ ካለ ከልጆቻችሁ ጋር ወደ አስተማማኝ ቦታ ሂዱ፤ እርዳታም ጠይቁ። ካቴኪስቶችም የሰማችሁትን ምሥጢር በዕድር ወይም በቡና ላይ እንዳይወራ ጠብቁ፤ አንድ ጊዜ የተወራበት ሰው ዳግመኛ አይመጣም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን «ከልቡ ሲፈልግ ይተወዋል» ብለን የተውነው ሰው አለን? የትኛውን ትንሽ በር እናንኳኳለት?
ለ. በማኅበራችንና በበዓላችን የማይጠጣ ሰው ምን ይሰማዋል?
ሐ. ከቀትር በኋላ ላለው ሰዓት ለወጣቶቻችን ምን ልናዘጋጅ እንችላለን?
መ. በድንገት መጠጥ ያቆመ ሰው ቢታመም በሌሊት ወደ ሐኪም የሚያደርሰው ማን ነው? ስሙን ዛሬ እንወስን።

አባቱ ልጁን ገና በሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ እንጂ ደጁ እስኪደርስ አልጠበቀውም። የእኛም ቁምስና ገና በሩቅ ያሉትን ወንድሞችና እኅቶች እንዲያይና ሊቀበላቸው እንዲወጣ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።