ገብስ ክሽክሽንና ቢጫ በሽታን እንዴት ይቋቋማል?

ስለ እህል በሽታ መጻፍ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪዎች ፈንታ ነው እንጂ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎችን ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በበሶውና በቆሎው፣ በገንፎውና በጠላው ያደግን ሁላችን ከገብስ ጋራ የቆየ ዝምድና አለን። ከዚህም በላይ የዚህ እህል ታሪክ የዕፀዋት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የገበሬ ዕውቀትና የሀብት ባለቤትነት ጥያቄ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ጠላቱን፣ ቀጥሎ እህሉ ጠላቱን የሚመክትበትን መንገድ፣ በመጨረሻም ጉዳዩ እኛን የሚመለከትበትን ምክንያት ባጭሩ እንመረምራለን።

1ኛ፤ ጠላቱ ማን ነው?

ክሽክሽ ከሰናፍጭ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ፣ ገላዋ ለስላሳ የሆነ ተባይ ናት። አፏ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ እርሱን በቅጠሉ ውስጥ ሰክታ፣ ተክሉ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥሩና ወደ ፍሬው የሚወስድበትን ቧንቧ ትመጠምጣለች። አየሩ ሲስማማት ሴቲቱ ያለ ወንድ ትራባለች፤ እንቁላል መጣል ሳያስፈልጋትም ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ከዚህም የተነሣ ጥቂቶች የነበሩት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እርሻውን ይሞሉታል። ሥፍራው ሲጠባቸው ደግሞ ክንፍ ያላቸው ይወለዱና ነፋስ እየተሸከመ ወደ ሌላ ማሳ ያሻግራቸዋል።

ሆኖም ከምትመጠምጠው ይልቅ የምታስተላልፈው ይከፋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኦስዋልድና ሂውስተን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. አንድ አዲስ የእህል በሽታ ገለጡ። የገብሱ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ቁመቱ ያጥራል፤ ዛላውም ሳይሞላ ይቀራል። በስንዴና በአጃም ላይ ይደርሳል፤ የአጃው ቅጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀይነት ያደላል። ምክንያቱ በክሽክሽ የሚዛመት ቫይረስ መሆኑን አስረዱ። ይህን ቫይረስ በጽሑፋችን «ቢጫ ድንክ» እንለዋለን።

ክሽክሽ ቫይረሱን በደንብ ለመውሰድ የታመመውን ተክል ረዘም ላለ ጊዜ መጥባት አለባት። ቫይረሱ በአንጀቷ አልፎ ወደ ደሟ፣ ከደሟም ወደ ምራቅ ዕጢዋ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከያዛት በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ልታስተላልፈው ትችላለች፤ ለልጆቿ ግን አታወርሰውም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮቾው ደግሞ ቫይረሱ አንድ ወጥ አለመሆኑን፣ አንደኛው ዐይነት በዚህች የክሽክሽ ወገን፣ ሌላው በዚያችኛዋ ይበልጥ እንደሚዛመት አሳዩ።

2ኛ፤ ሦስቱ የመመከቻ መንገዶች

በካንሳስ ያስተምሩ የነበሩት ፔይንተር በዚያው በ1951 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ተክል ተባይን የሚቋቋምባቸውን መንገዶች በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያው አለመወደድ ነው፤ ተባዩ ተክሉን ሲቀምሰው ወይም ሲያርፍበት ስለማይስማማው ትቶት ይሄዳል። ሁለተኛው ተባዩን መጉዳት ነው፤ ይኸውም የሚጠባው ነገር ዕድገቱን ያዘገየዋል፣ ልጆቹን ያሳንስበታል ወይም ይገድለዋል። አንዳንድ የገብስ ዐይነቶች ግራሚን የሚባል መራራ ቅመም በውስጣቸው አላቸው፤ ይህም ለክሽክሽ አይመቻትም። ሦስተኛው መቻል ነው፤ ተባዩ እንደ ልቡ ይበላል፣ ተክሉ ግን ጉዳቱን ችሎ ያፈራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ክሽክሽን መቋቋምና ቫይረስን መቋቋም አንድ አይደሉም። ቢጫ ድንክ ረጅም መጥባትን ስለሚጠይቅ፣ ክሽክሽ የማትወደው ተክል የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው። በጥቂት ሰኮንድ ቅምሻ ብቻ የሚተላለፉ ሌሎች ቫይረሶች ግን አሉ፤ በነዚህ ጊዜ ያልተመቻት ክሽክሽ ካንዱ ወዳንዱ እየዘለለች በሽታውን ልታስፋፋው ትችላለች። እንደዚሁም ክሽክሽን ችሎ የሚያፈራ ተክል ለባለቤቱ ደግ ቢሆንም፣ ተባይዋንና ቫይረሱን በማሳው አሳድሮ ለጎረቤት ማሳ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህ ዘር ይቋቋማል» ሲባል «ምንን? በምን መንገድ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

3ኛ፤ ከኢትዮጵያ የሄደው መድኅን

የካሊፎርኒያ ሊቃውንት በሽታው ከታወቀ በኋላ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቈጠሩ የገብስ ዐይነቶችን መረመሩ። በሽታውን በደንብ የተቋቋሙት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተገኙት ከኢትዮጵያ ነበር። ራስሙሰንና ሻለር በ1959 ዓ.ም. ይህ ኀይል ከአንድ ጂን የሚመጣ መሆኑን ገልጠው «ዋይ-ዲ 2» የሚል ስም ሰጡት። ጂኑ ክሽክሽን አያባርርም፤ በተክሉ ውስጥ የቫይረሱን መብዛት ይቀንሳል እንጂ። ሁሉንም የቫይረሱን ዐይነቶች እኩል አይገታም። ቢሆንም «አትላስ 68» በሚባለው የካሊፎርኒያ ገብስና ከዚያም በኋላ በሌሎች አገሮች ዘሮች ውስጥ ገብቶ አገልግሏል። በ2004 ዓ.ም. የተገለጠው ሌላው ጂን፣ «አር-ዋይ-ዲ 3»፣ ደግሞ ከአንድ የኢትዮጵያ ነባር ገብስ የተገኘ ነው።

ይህ ሀብት ከምን መጣ? የደጋው ገበሬ ዘር አንድ ወጥ አይደለም። ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ፣ ሰነፍ ቆሎ እያለ በስም ይለያቸዋል፤ በአንዱ ማሳም ብዙ ዐይነት ተደባልቆ ይበቅላል። ክፉ ዓመት ሲመጣ አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይቆማል፤ ገበሬውም ከቆመው መርጦ ለከርሞ ያስቀምጣል። ይህ በየጎተራው ለብዙ ትውልድ ሲሠራ የኖረ ምርምር ነው፤ የጎደለው የመርማሪዎቹ ስም ብቻ ነው።

4ኛ፤ የተገኘው መከላከያ ለዘለዓለም ነውን?

አይደለም። የሩስያ የስንዴ ክሽክሽ የምትባለው ቅጠልን እንደ ሲጋራ የምትጠቀልል ተባይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ታየች፤ በገብሳችንም ላይ ጉዳት አደረሰች። በ1978 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ተገኘች። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ዓ.ም.፣ የኮሎራዶ ክፍለ ሀገርም በ1994 ዓ.ም. እርሷን የሚቋቋም ስንዴ ለገበሬ ሰጡ። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. የኮሎራዶውን ስንዴ ያለ ችግር የምትበላ አዲስ ወገን እዚያው ተነሣች። ሰፊ አገር በአንድ ጂን ብቻ ሲታጠር ጠላት አጥሩን የሚያልፍበትን መንገድ ያገኛል። መርዝ መርጨትም ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ክሽክሽን የሚበሉትን ነፍሳትም አብሮ ይፈጃል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ነባሩ ዘር የድህነት ምልክት ሳይሆን የሚቀጥለው መድኅን የሚፈለግበት ጎተራ ነው። የተሻሻለ ዘር መምጣቱን አንቃወምም፤ የተራበ ሕዝብ ምርት ያስፈልገዋል። የምንቃወመው ነባሩ ሳይሰበሰብና ሳይጠና መጥፋቱን ነው። በ1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ ብዙ አድኗል፤ ይሁን እንጂ በባንክ ያለ ዘር ከአዲስ ጠላት ጋር አይታገልም፤ በማሳ ያለው ግን በየዓመቱ ይፈተናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የካሊፎርኒያ ሊቃውንት ጂኑን ባገኙበት ዘመን ዘር የዓለም ሁሉ የጋራ ነገር ተብሎ ይወሰድ ስለነበር፣ ያቆየው ገበሬ የድርሻው ነገር አልተነሣም። ከ1992ቱ የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ወዲህ ግን መንግሥታት በዘር ሀብታቸው ላይ ያላቸው ሥልጣን ታውቋል፤ አገራችንም በራሷ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታ የማኅበረሰቡን መብት ደንግጋለች። ሕግ ግን የሚያውቀውና የሚከራከርለት ሰው ከሌለ ወረቀት ነው። የእርሻ ተማሪው ጂኑን ይፈልግ፤ የሕግ ተማሪው ውሉን ይመርምር፤ እኛም የኪነ ጥበብ ተማሪዎች ገበሬው ለየዘሩ የሰጠውን ስምና የሚያውቀውን ጠባይ ከባለ ዕውቀቶቹ አፍ እንጻፍ። ስሙ የተረሳ ዘር ሲጠፋ፣ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርምና።