ስድስት ፊደልና አንድ የመስተዋት ሥዕል

ፊደል ለይታችሁ፣ ቃል ገጣጥማችሁ ጋዜጣ ማንበብ ጀምራችኋል። ዛሬ ደግሞ አብረን ሥዕል እናነባለን። «ሥዕል ይታያል እንጂ ምኑ ይነበባል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል አስታውሱ። ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አይቶ ታሪኩን ይናገራል። በድሮው ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው ግን በጎን ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሥዕል አንባቢ ነው።

የምናነበው ሥዕል ያለው አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። ለጉዳይ ወይም ለሕክምና አዲስ አበባ የገባ ሰው መስቀል አደባባይን ሳያይ አይመለስም። ከአደባባዩ ተነሥታችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ምኒልክ ግቢ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ያዙ። በግራ በኩል መጀመሪያ ግዮን ሆቴልን፣ ቀጥሎ ትልቅ ቤተ መንግሥት ታገኛላችሁ። ይህ ቤተ መንግሥት የተሠራው በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ በዓል ሲከበር ነው። በዚያ ዘመን ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል ነበር፤ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይባላል። ከመንገዱ ማዶ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ሰፈር ካዛንቺስ ነው።

ካዛንቺስ ማለት ምን ማለት ነው? አማርኛ አይደለም። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበረው። የድርጅቱ ስም በአጭሩ «ኢንቺስ» ነው። «ካዛ» ደግሞ በጣሊያንኛ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ጠራቸውና ካዛንቺስ አለ። ጣሊያን ተባረረ፣ ስሙ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ለመንገድና ለአዲስ ግንባታ ፈረሱ። ስሙ ግን አሁንም አለ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ዘመን እንዲህ ነበር። ጠላት ወጣ። አርበኛው ከዱር ገባ። ንጉሡ ተመለሱ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ መንገድ ተጠረገ፣ ልጆች ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ተላኩ። ታዲያ ነፃ የወጣው አገር ገበሬ በማሳው ላይ ነፃ ነበር ወይ? ቦታው ይለያያል። በሰሜኑ ብዙው ገበሬ የርስት መሬት ነበረው፤ ግብሩና የጉልተኛው ድርሻ ግን ነበረበት። በደቡቡ አብዛኛው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ሲሶ አራሽ አለ፣ እኩል አራሽ አለ። እኩል አራሽ ማለት ሁለት ቁና ሲሰፍር አንዱ የባለመሬቱ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አሥራቱም የሚወጣው ከጭሰኛው ነበር። በበዓል ሙክት ወይም ማር ይዞ መሄድ አለ። የጌታውን ማሳ ማረስ፣ አጥሩን ማጠርም አለ። ባለመሬቱ «ልቀቅ» ካለው ደግሞ ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል።

ወደ ውጭ ከተላኩት ልጆች አንዱ አፈወርቅ ተክሌ ነው። የአንኮበር ልጅ ነው፣ በ1925 ዓ.ም. ተወለደ። እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እሱ ግን ሥዕል መረጠ። ተምሮ ተመለሰ። የአፍሪካ አዳራሽ ሲሠራ የመስተዋቱ ሥዕል ለእሱ ተሰጠው። ሥዕሉ ሦስት ክፍል አለው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ብዙ የገጠር ቤት አንድ ላይ ቢደመር እንደማለት ነው።

የመስተዋት ሥዕል በብሩሽ ከሚሠራው ይለያል። ቀለም ያለው ብርጭቆ በቁራጭ በቁራጩ ተገጣጥሞ መስኮት ላይ ይቆማል። ቀን በውጭ ሆናችሁ ብታዩት ጥቁር ነገር ነው፣ አይለይም። ወደ ውስጥ ስትገቡ ፀሐይ ከውጭ ስትመታው ይበራል። እንግዲህ ይህን ሥዕል ለማንበብ መግባት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ማን ይገባ ነበር? ንጉሥ፣ ሚኒስትር፣ የውጭ አገር መልእክተኛ። ሞፈር የያዘ ሰው በዚያ በር አይገባም ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ክፍል ያለፈውን የአፍሪካ ዘመን ያሳያል። በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች አሉ፣ ሐዘን አለ፣ ዘንዶም አለ። ሁለተኛው ክፍል ትግል ነው። ሦስተኛው የሚመጣው ዘመን ነው። የአገር ልብስ የለበሰ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ይታያል። የብረት ልብስ የለበሰ ወታደርም አለ፤ እሱ የተባበሩት መንግሥታት ምሳሌ ነው። ዘንዶውን ማወቅ አያስቸግርም። ከጊዮርጊስ ሥዕል የምታውቁት ነው፤ እዚህ ግን የቅኝ ገዢዎች ምሳሌ ሆነ። አዋቂ ሠዓሊ እንዲህ ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀውን ምልክት ወስዶ አዲስ ነገር ያናግረዋል።

ሥዕሉን ያሠራው መንግሥት ነው። «የአፍሪካ ሰንሰለት ተበጠሰ» እንዲል ነው ያሠራው። «የጭሰኛው ሰንሰለትስ?» ብሎ እንዲጠይቅ አላዘዘውም። ሰንሰለት ግን ሰንሰለት ነው። አንዴ ከተሣለ በኋላ የራሱን ሰንሰለት የሚያስብበት ሰው አይጠፋም።

ዓመቱን ደግሞ ተመልከቱ። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ በታኅሣሥ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጀነራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ንጉሡ ውጭ አገር ሳሉ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ገርማሜ የወላይታ አስተዳዳሪ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ሰጥቶ ባለመሬቶች ከሰሱት። ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሡ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ደገፏቸው። ነገሩ በጥቂት ቀን ከሸፈ። ገርማሜ ሞተ። ጀነራሉ በመጋቢት ተሰቀሉ። እንግዲህ የነፃነት አዳራሽ ሪባን የተቆረጠው በሙከራውና በስቅላቱ መካከል ነው። ንጉሡም ደም የፈሰሰበትን የስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው መኖሪያቸውን ወደ ኢዮቤልዩ አዛወሩ። ከሥዕሉ ጋር ፊት ለፊት ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚህ አዳራሽ 32 የአፍሪካ አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ታላቅ ቀን ነበር፣ ማንም አይክደውም። ለገበሬው ግን እኩሉ እኩል፣ ሲሶው ሲሶ ሆኖ ቀጠለ።

አሁን ወደ ስድስቱ ፊደል መጣን። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። ፓርላማው ስለ ጭሰኛና ባለመሬት ውል በሚነጋገርበት ጊዜ ነው። በእጃቸው የያዙት ሁለት ቃል ነው፤ መሬት ላራሹ። በደብተራችሁ ጻፉትና ቁጠሩ። መ፣ ሬ፣ ት፣ ላ፣ ራ፣ ሹ። ስድስት ፊደል።

ሁለተኛውን ቃል እንፍታው። «ላራሹ» ማለት «ለ» እና «አራሹ» ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ለ» ወደ «ላ» ይለወጣል። ጠቡ በሙሉ ያለው በዚህች «ለ» ላይ ነው። መሬት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፣ ይዘፈናል፣ በወረቀት ላይ ከሩቅ ይታያል። እኔ እንደማስበው ከዚያ ዘመን ጽሑፍ ሁሉ እንደዚህ ብዙ ሥራ የሠራ የለም። የጻፉት ደግሞ አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ነበሩ፤ ከመካከላቸው የባለመሬት ልጆችም ነበሩ። የአባቱን ጎተራ የሚያጎድል ቃል ይዞ የወጣ ልጅ ነበር ማለት ነው። የፓርላማው ሰዎች ግን ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬት ነበሩና የጭሰኛው ሕግ ሳይጸድቅ ዓመት ዓመትን ወለደ።

ቀጥሎ የመጣው የወሎ ረሀብ ነው። በ1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራንና ተማሪዎች የተራበውን ሕዝብ ፎቶግራፍ አንስተው መጥተው በግቢያቸው አሳዩ። መንግሥት ነገሩን መደበቅ ፈልጎ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ። ያኔ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቆ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አገሩ በየአቅጣጫው ተነሣ። በነገሌ ቦረና ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውኃ አምፀው አዛዣቸውን ያዙ። በየካቲት የታክሲ ነጂዎች ስለ ቤንዚን ዋጋ ሥራ አቆሙ። አስተማሪዎች አቆሙ። ቀጥሎ ሠራተኞች አቆሙ። በሚያዝያ የእስልምና ተከታዮች ስለ እኩልነት ታላቅ ሰልፍ ወጡ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ፊልሙ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። የቤተ መንግሥት ድግስና ሥጋ የሚበሉ ውሾች በረሀብተኛው ፊት መካከል ተቆርጠው ገብተውበታል። ረሀቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን ያጋጠመው ግን ደርግ ነው፤ ሕዝቡ በሚቀጥለው ቀን ለሚሆነው ነገር እንዲዘጋጅለት ነው። ስለዚህ ሥዕል ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን አሠራው? ማን ውስጡ አለ? ከምን ቀጥሎ ታየ?

በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ከዚያው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ንጉሡን በትንሽ ቮልስዋገን አስገብተው ወሰዷቸው። ከመንገዱ ማዶ የሰንሰለቱ ሥዕል አለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 31 ነው። መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይይዝ ተባለ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነውና፣ ይህ የጋሻ ሩብ ነው። ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር ላይ ያሉ ገበሬዎች አንድ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ታዘዘ። የገበሬ ማኅበር የሚለው ስም ከዚህ መጣ። በአዲስ አበባ ለድጋፍ የወጣው ሰልፍ እጅግ ብዙ ነበር።

ስድስቱ ፊደል ሕግ ሆነ ማለት ነው፤ ግን እንደተጠየቀው ሁሉ አልሆነም። መሬት መሸጥም፣ ማስያዝም፣ ማከራየትም ተከለከለ። ባለመሬቱ ሄዶ መንግሥት ባለመሬት ሆነ የሚል ሰው ነበር፤ ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ኋላም ገበሬው እህሉን በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያስረክብ ኮታ መጣበት፣ ከጎጆው ተነቅሎ በመንደር እንዲሰፍር ተደረገ። መፈክሩን ይዘው ከወጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር በጥይት አለቁ። የጠየቀ ሁሉ መልሱን ለማየት አልታደለም።

ሠዓሊው አፈወርቅ በ2004 ዓ.ም. አረፈ። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የመስተዋቱ ሥዕል እዚያው ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንምጣ። በአማራ ክልል ያላችሁ የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን ከሣጥን አውጡ። በውስጡ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ቦታ አለ። ንጉሥና ሚኒስትር የሚገቡበት አዳራሽ ውስጥ ያልገባው አራሽ እዚህ አለ፤ ትንሽ ሥዕል ቢሆንም የራሱ ነው። እንደ መስተዋቱ አንብቡት። ፎቶግራፉ የሁለታችሁም ነው ወይስ የአንዳችሁ ብቻ? ያረመችው፣ የጎለጎለችው፣ ያጨደችው ሴት አራሽ ናት ወይስ አይደለችም? ስሟ ተጽፏል? የአባት ስም ፊደሉ ትክክል ነው? «ኃ» በ«ሀ» ቢጻፍ አንባቢው ያውቀዋል፣ «ታደሰ» በ«ታደለ» ቢጻፍ ግን ሌላ ሰው ነው። የማሳው ስፋትና አዋሳኙ ሰውስ እንደምታውቁት ነው? የተሳሳተ ካገኛችሁ በእርሳስ ደብተሩ ላይ አትሰርዙ። በሌላ ወረቀት ቅዱትና ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የመሬት ኮሚቴ ሂዱ። በሚቀጥለው የንባብ ቀን ያገኛችሁትን አምጡና በቡድን እንነጋገርበታለን።