የዲና ዝምታና የተማሪ እኅቶቻችን ድምፅ



በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 34 ያለውን የዲናን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሴኬም የያዕቆብን ልጅ በግድ ወስዶ አስነወራት፤ ቀጥሎ አባቱ ኤሞር ለሽምግልና መጣ፤ ስለ ማጫ ተነጋገሩ፤ በመጨረሻም ደም ፈሰሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዲና በሴኬም ቤት ነበረች። ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡት አንዲት ቃል ስትናገር አታገኙም። የጠየቃትም የለም።

በአገራችንም ጠለፋ ሲፈጸም ሽማግሌ ይላካል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ልጅቱ እዚያው ትቀራለች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ፥ ጠላፊው ልጅቱን በሕግ ካገባ ክሱን ያስቀርለት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሰላ አካባቢ የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ በነጻም ተሰናበተች። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ኋላ የሚደረግ ጋብቻም ከክስ አያድነውም።

ሕጉን ወደ ሰው ጆሮ ማድረስ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «የሎው ሙቭመንት» በሚል ስም ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ያወያዩ ነበር፤ አበባ ሸጠውም ችግረኛ ሴት ተማሪዎችን ረድተዋል። መልካም ሥራ ነው። ለመቱ ግን ጠረጴዛ ብቻ የሚበቃ አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲ የደረሰች እኅት ብዙውን አደጋ አልፋ የመጣች ናት። የሚያስፈራው በቡናው ጫካ መካከል ወደ መቱ ወይም ወደ ጎሬ በእግሯ የምትመላለሰው ልጅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ንግግሩ በአፋን ኦሮሞ፥ በገበያ ቀን፥ እናቶች ባሉበት መሆን አለበት። («ፌሚኒስት» የሚለው ቃል አንዳንድ አባቶችን ያስደነግጣል፤ ጉዳዩ ከተያዘ ስሙ ቢቀር ግድ የለኝም።)

ወንድሞች ሆይ፥ ነገ ሽማግሌ ሁኑ ተብላችሁ ትለመናላችሁ። ልጅቱ በጠላፊው ቤት ሳለች ስለ ካሣ ለመነጋገር የሚጠራችሁን «አስቀድማ ወደ ወላጆቿ ትመለስ፤ ፖሊስም ይወቀው» በሉት።

ለሚመጣው እሑድ ምዕራፉን አንብባችሁ ኑ፤ ዲና ብትጠየቅ ምን ትል ነበር? መጀመሪያ እኅቶች ይናገራሉ።