የንድፍ ደብተር፦ መምረጥ፣ ካልሆነም መስፋት

ጥቁር ሽፋንና የላስቲክ ማሰሪያ ያለው ውድ ደብተር የገዛ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽ ለመንካት ይፈራል። ደብተሩ መደርደሪያ ላይ ይከርማል፤ ሥዕሉ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይቀራል። የንድፍ ደብተር መሞላት ያለበት በተንሻፈፉ እጆች፣ በተጣመሙ ወንበሮችና ሥዕላቸው ሳያልቅ ተነሥተው በሄዱ ሰዎች ነው። ስለዚህ ገጹ ሲበላሽ ባለቤቱን የማያሳዝን መሆን አለበት። የተገኘው ርካሽ ነገር ሁሉ ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም፤ ላጲስ ሲነካው የሚላጥ ወረቀትም ሰውን ከመሳል ያስጠላል። ሁለቱን የሚያስታርቀው የሚስሉበትን መሣሪያ አውቆ ወረቀት መምረጥ፣ ሲቻልም ደብተሩን በገዛ እጅ መስፋት ነው።

ከመሣሪያው ይጀምሩ

የወረቀት ውፍረት በግራም ይነገራል፤ አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው። ለእስክርቢቶና ለፈጣን የእርሳስ ንድፍ በቂ ነው፤ እኔ እንዲያውም ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች በዚሁ ወረቀት እንዲያበላሽ እመክራለሁ። ላጲስ መላልሶ ሲያልፍበት ግን ፊቱ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰመረው መስመር ይደበዝዛል።

በእርሳስ ጥላ እየደራረቡ የሚሠሩ ከሆነ ከ100 እስከ 150 ግራም ያለው፣ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር የሚል ወረቀት ይፈልጉ። ከሰል ደግሞ ከዚህም የባሰ ሻካራነት ይወዳል፤ ለስላሳ ወረቀት ላይ ዱቄቱ የሚጨብጠው አጥቶ ይረግፋል። የቀለም ብዕር ተቃራኒው ነው፤ ሻካራ ወረቀት የብዕሩን ጫፍ ያደናቅፈዋል፣ ቀለም የሚመጥ ወረቀት ደግሞ የመስመሩን ጠርዝ ይበትነዋል። ስለዚህ ለብዕር ለስላሳና ጠጣር ወረቀት ይሻላል። የውሃ ቀለም ከ200 ግራም በታች ባይሞከር ጥሩ ነው፤ ቀጭኑ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ሠዓሊዎቹ ለዚህ ሥራ የሚመርጡት 300 ግራሙን ነው።

መጠኑን የሚወስነው የሚስሉበት ቦታ ነው። ታክሲ ውስጥና ቡና ቤት ለሚስል ሰው ከኪስ የሚገባው ኤ6 ወይም በአንድ መዳፍ የሚያዘው ኤ5 ይመቻል። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ፣ ከትከሻ ጀምሮ ክንድን እያንቀሳቀሱ ለመሥራት ግን ኤ4 እንኳ ይጠባል። አንድ ብቻ መግዛት ካለብዎ ኤ5 ይሁን፤ ገልጠው ሲዘረጉት ሁለቱ ገጾች ተጋጥመው ኤ4 ይሆናሉ።

መደብር ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

መርካቶም ይሁን ፒያሳ፣ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሲሄዱ የራስዎን እርሳስ፣ ብዕርና ላጲስ ይያዙ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ትተው የሚከተሉትን ይፈትሹ።

ደብተሩን መሐል ላይ ገልጠው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ራሱን ከዘጋ፣ በሳሉ ቁጥር ግራ እጅዎ እሱን ሲይዝ ይውላል ማለት ነው። ቀጥሎ እጥፋቱ ውስጥ ክር ይፈልጉ። ክር ካለ ወረቀቶቹ በጥራዝ በጥራዝ ታጥፈው ተሰፍተዋል፤ ከሌለና ነጠላ ቅጠሎቹ ጀርባቸው ላይ በሙጫ ብቻ ከተያያዙ፣ በደንብ ሲለጠጥ ሙጫው ይሰነጠቃል፣ ገጾቹም አንድ በአንድ ይረግፋሉ። በሽቦ የተጠረዘው ስፒራል ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ቆሞ ለሚስልም ያመቻል። እኔ ግን አልወደውም፤ ሽቦው ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋን ሥዕል ለሁለት ይከፍለዋል፣ ቦርሳ ውስጥም ሲጣመም ገጹ አልገለጥ ይላል።

አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥተው ከኋላው እጅዎን ያድርጉ። የጣቶችዎ ቅርጽ ጎልቶ ከታየ የአንዱ ገጽ ሥዕል በሌላው በኩል ይታያል፤ በአንድ ገጽ ብቻ ለመሳል ይዘጋጁ። ባለሱቁ ከፈቀደልዎ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ጥቂት መስመር ስበው በላጲስ ያጥፉ። ቃጫ ቃጫ እያለ ከተነሣ ይተዉት። ሥዕሉን ለዓመታት የማቆየት ሐሳብ ካለዎት አሲድ አልባ የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ የጋዜጣ ወረቀት በእንጨቱ ውስጥ የነበረው፣ አሲድ የሚፈጥረው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላልወጣለት ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራልም።

ሰፍቶ መሥራት

እነዚህን ሁሉ የሚያሟላ ደብተር ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካስደነገጠ መርፌና ክር ማንሣት ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ስፌት ደግሞ ከሩቅ አይመጣም። የብራና መጻሕፍት ደጓሾች በየገዳሙና በየደብሩ የሠሩበት ስልት በአውሮፓና በአሜሪካ የጥረዛ ባለሙያዎች ዘንድ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራና የሚማሩት ነው። ጀርባው ላይ ሙጫ የለም። የታጠፉት ጥራዞች በክር ሰንሰለት እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሽፋን የሚሆኑት እንደ ዋንዛ ያሉ የእንጨት ገበታዎችም በዚያው ክር ይታሰራሉ። መጽሐፉ ሲገለጥ ተኝቶ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሚስል ሰውም ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ለአንድ ባለ 96 ገጽ የኤ5 ደብተር የሚያስፈልጉት 12 የኤ3 ሉኮች፣ ወፍራም ካርቶን፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ነጭ ኮላ፣ አራት መርፌዎች፣ ቀጭን ወስፌ፣ ማስመሪያ፣ ካተር፣ ጥቂት ሰምና ሦስት ሜትር ጠንካራ ክር ናቸው። ክሩ ጥጥ ወይም ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭን ናይለን ወረቀቱን ይቆርጣል። ሉኩን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር መግዛት ይቻላል፤ ማተሚያ ቤቶችም ከትልልቅ ሉኮች የሚተርፋቸውን ቁራጭ ቢጠየቁ የሚሰጡበት ጊዜ አለ።

1. የወረቀቱን አቅጣጫ ይለዩ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ የደብተሩ ዕጣ ግን እዚህ ላይ ይወሰናል። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ጥቃቅን ክሮቹ በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ይተኛሉ። በዚያ ወገን ሲታጠፍ እሺ ይላል፤ በተቃራኒው ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል፣ ገጹም ሲገለጥ ተንጋዶ ይቆማል። ሉኩን ሳያጥፉ በቁመቱ ጎንበስ አድርገው በመዳፍ ጫን ይበሉት፤ ከዚያ በወርዱ ይድገሙት። እምብዛም ያልታገለዎት ጉብጠት ከክሮቹ ጋር የሚሄደው ነው። ክሮቹ የኤ3ውን ረጅም ጎን ተከትለው ከተኙ ሉኩን መሐል ላይ ቆርጠው ሁለት ኤ4 ያድርጉና እያንዳንዱን ወደ ኤ5 ያጥፉ። አጭሩን ጎን የተከተሉ ከሆነ አይቁረጡት፤ ሉኩን እንዳለ አጥፈው ኤ4 ደብተር ይሥሩ፣ ከታች የምሰጠውንም ልክ በዚያው መጠን ያሳድጉ። ኤ4 ወረቀት ገዝቶ ዝም ብሎ ማጠፍ ብዙ ጊዜ የማይሳካው ክሮቹ በአብዛኛው በረጅሙ ጎን ስለሚተኙ ነው።

2. ጥራዞቹን ያዘጋጁ። አራት አራት የኤ4 ቅጠሎች አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገብተው ያጥፉ፤ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት። ስድስት ጥራዝ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ራስ ላይ በእርሳስ ስስ ምልክት ያድርጉ፤ ሲሰፉ አንዱ እንዳይገለበጥብዎ ነው። ሁሉንም ከባድ ነገር ጭነውባቸው ያሳድሩ።

3. ይብሱ። 21 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የወረቀት ሰቅ ላይ ከራሱ በ3፣ በ7፣ በ14 እና በ18 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ያድርጉ። ሰቁን በእያንዳንዱ ጥራዝ እጥፋት ውስጥ አስተኝተው ከውስጥ ወደ ውጭ በወስፌ ይብሱ። ቀዳዳው መርፌዋን ብቻ ያሳልፍ። በ3 እና በ7 ላይ ያሉት አንድ ጥንድ ናቸው፤ በ14 እና በ18 ላይ ያሉት ሌላ ጥንድ።

4. ሽፋኑን ይሥሩ። ሁለት ካርቶኖች 21.4 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። ካርቶኑ ቀጭን ከሆነ ለእያንዳንዱ ሽፋን ሁለት ሁለት በኮላ ደርበው ይጫኑት። ያረጀ ጂንስ ወይም ሌላ ወፈር ያለ ጨርቅ በየጎኑ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር አትርፈው ያልብሱት፣ በውስጥ በኩል ወረቀት ይለጥፉና ከክብደት በታች እስኪደርቅ ይተዉት። ከደረቀ በኋላ ጀርባ ከሚሆነው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው፣ በ3.2፣ በ7.2፣ በ14.2 እና በ18.2 ላይ ይብሱ።

5. ይስፉ። ክሩን ሰም ቀብተው ለሁለት ይክፈሉት፤ በእያንዳንዱ ጫፍ መርፌ ይሰኩ። አንዱ ክር ለላይኛው ጥንድ፣ ሌላው ለታችኛው ነው። በመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ የክሩን መሐል አስተኝተው ሁለቱን መርፌዎች በሁለቱ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ያውጡ። ከዚያ እያንዳንዷ መርፌ የካርቶኑን ጠርዝ ዞራ በሽፋኑ ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ በሽፋኑና በጥራዙ መሐል ብቅ ስትል ጀርባው ላይ ያለውን የራሷን ክር አንድ ጊዜ ትጠመጥመዋለች።

ሁለተኛውን ጥራዝ ከላይ ይደርቡ። መርፌዎቹ በየፊታቸው ባለው ቀዳዳ ይገባሉ፤ ውስጥ ለውስጥ ተላልፈው አንዷ በሌላዋ ቀዳዳ ትወጣለች። ከወጡ በኋላ ወደ ታች ወርደው ከታች ባለው ጥራዝ ሥር ያለውን ክር ከጎን ገብተው ይይዙታል፤ ከዚያ ተመልሰው ወደ ሦስተኛው ጥራዝ ይወጣሉ። የታችኛውን ጥንድም እንዲሁ አድርገው ነው ወደሚቀጥለው ጥራዝ የሚያልፉት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ጀርባው ላይ እንደ ሹሩባ እየተጎነጎነ መታየት ይጀምራል። ክሩን ሲያጠብቁ በእጥፋቱ አቅጣጫ ይሳቡት፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተሳበ ቀዳዳውን ይቀደዋል።

ስድስተኛው ጥራዝ ከተያዘ በኋላ ሁለተኛውን ሽፋን እንደ መጀመሪያው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰፉታል፤ መርፌዎቹ ክራቸውን ጠምጥመው ወደ መጨረሻው ጥራዝ ይመለሳሉ፣ የእያንዳንዱ ክር ሁለት ጫፎችም ውስጥ ላይ ሁለቴ ይቋጠራሉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አትርፈው ይቁረጡ።

ደብተሩን ለውሃ ቀለም ከፈለጉት በጥራዝ አራቱን ቅጠል ወደ ሁለት ይቀንሱ፤ ከማጠፍዎ በፊትም በካተሩ ደንዳና ጀርባ እጥፋቱን ጫን ብለው ያስምሩት። ከሰል ለሚበዛበት ደግሞ በገጾቹ መሐል ስስ ወረቀት ጣል ያድርጉ፤ አለዚያ ሁለቱ ገጾች እየተፋተጉ ሥዕሉ ወደ ጉም ይቀየራል።

በእጅ የተሰፋ ደብተር ከሱቅ የማይገኝ አንድ ነገር አለው፤ ጥራዞቹ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ሁለቱን ለእርሳስ ሻከር ካለው፣ ሁለቱን ለብዕር ከለስላሳው፣ አንዱን ከወፍራሙ የውሃ ቀለም ወረቀት፣ አንዱን ደግሞ ከቡናማው ካኪ መሥራት ይቻላል። ካኪው ላይ ነጭ እርሳስ ለብርሃኑ፣ ጥቁሩ ለጥላው ይሁን፤ በሁለቱ መሐል ያለውን ቃና ወረቀቱ ራሱ ስለሚሰጥ ሳይነኩት ይለፉት።