ቆሼና ማረቆ፡- ስሙ ከበርበሬው ቀድሞ የሄደ አገር

መርካቶ በርበሬ ተራ ገብቶ ዋጋ የሚጠይቅ ገዢ ቶሎ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ማረቆ ነው» የሚለው ነው። ቃሉ ለዋጋው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ለመሆኑ ይህ ስም የሚሸጠው አገርን ነው ወይስ ዘርን? ልዩነቱን ያልያዘ ነጋዴ በኪሱ ይከፍላል።

ከአዲስ አበባ በዓለምገና በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቡታጅራ የደረሰ ሰው ወደ ዝዋይ (ባቱ) አቅጣጫ ሲታጠፍ የማረቆ መዲና የሆነችውን ቆሼን ያገኛል። ነባሩ ሕዝብ የሊቢዶ ቋንቋ ተናጋሪ ነው። አካባቢው በጉራጌ ዞን ሥር ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ልዩ ወረዳ ሆኗል። ስሙን በአገሪቱ ገበያ ያስተዋወቀው ግን አስተዳደሩ ሳይሆን በርበሬው ነው።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የእርሻ ተመራማሪዎች «ማረቆ ፋና» የተባለውን ዝርያ ለገበሬው አወጡ። ዛላው ትልቅ፣ ቀለሙ ደማቅ ቀይ፣ ማቃጠሉም የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ቅመማ ቅመም ማውጫ ፋብሪካም ለምግብ ማቅለሚያ የሚሆነውን ቀይ ጭማቂ ለማውጣት ይህንኑ ዝርያ በጥሬ ዕቃነት ተጠቅሞበታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የወጣው ዘር በመላ አገሪቱ ተዘራ። ሀላባም ሆነ ምዕራብ ጎጃም የበቀለ ዛላ ዘሩ ማረቆ ፋና ከሆነ ሻጩ «ማረቆ ነው» ቢል አልዋሸም። በአንጻሩ በትውልድ አገሩ በርበሬው ፈተና ገጠመው። ሥር የሚያበሰብስና ተክሉን የሚያጠወልግ በሽታ ከቫይረስ ጋር ተዳምሮ ማሳውን ጎዳ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመስቃንና በማረቆ መካከል በተደጋጋሚ የተነሣው ግጭት ደግሞ የሰው ሕይወት አጠፋ፤ ነዋሪውንም አፈናቀለ። መንገድ ሲዘጋ ገበያም አብሮ ይዘጋል። ስሙ ግን መርካቶ ላይ መሸጡን አላቆመም።

ገበሬው የሚጎዳበት ሌላም ምክንያት አለ። በርበሬ በክረምት ተተክሎ በጥቅምትና በኅዳር መለቀም ሲጀምር ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ጎተራና ገንዘብ ያለው ሰብሳቢ እስከ ክረምት ያቆየዋል። ዛላው ታጥቦ፣ ተቀንጥሶና ተፈጭቶ በርበሬ እስኪሆን ድረስ የሚጨመርበት ዋጋ በአብዛኛው ቆሼ አይቀርም።

ገዢውስ ከምን ይጠንቀቅ? ከስሙ ይልቅ ከውኃው። ክብደት ለመጨመር ውኃ የተረጨበት ወይም በደንብ ያልደረቀ ዛላ ኪሳራ ነው። 20 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በርበሬ ወደ 10 በመቶ ሲደርቅ የሚቀረው 89 ኪሎ ገደማ ነው። በየኩንታሉ 11 ኪሎ ውኃ በበርበሬ ዋጋ ተገዛ ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። እርጥብ ዛላ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ ግራም 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ጆንያው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሐልና ከሥር ይታይ። ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው ይንሿሿ፤ ተሰብሮም ውስጡ ይታይ፣ ይሽተት። በባዶ መሬት ላይ ከተሰጣ ይልቅ በሸራ ወይም በቆጥ ላይ የደረቀው ይመረጥ።

ስምን በተመለከተ ቡና ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። መንግሥት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሣ፤ ከክርክር በኋላም በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ። የማረቆ ጉዳይ ከዚያ ይከብዳል፤ የአገሩ ስም የዘሩም ስም ሆኗልና። መፍትሔው አገሩን ከዘሩ መለየት ነው፤ የበቀለበት ቦታና የተለቀመበት ወር በጆንያው ላይ ይጻፍ፤ መድረቁም ተመርምሮ ይረጋገጥ።

እስከዚያው ድረስ ብልህ ነጋዴ «ማረቆ ነው» ሲባል ሁለት ጥያቄ ያቅርብ፤ «የት በቀለ? መቼ ደረቀ?» መልስ ካላገኘ ለዛላው ይክፈል፣ ለስሙ ግን አይጨምር። መልስ ካገኘ ደግሞ ጭማሪው ቆሼ ላለው ገበሬ እንዲደርስ ያድርግ፤ ገበሬው በርበሬውን ትቶ በቆሎ ቢዘራ ነጋዴው ነገ የሚሸጠው ባዶ ስም ይሆናልና።