ምዕራፍ 7፦ ዘመድ የሌለው ድሃ

እትዬ የምንላት ሴት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትይዛት ወረንጦ ነበረቻት። የምትኖርበት መዘዞ ብርድ ነው፤ ከጣርማበር ተነስቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ነፋሱን ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቃ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና በአንድ እጇ የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጋ፣ በሌላው ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት እየዳሰሰች ትነቅላለች። «አሸዋ የገባበት ያህል ነው» ትል ነበር። መስታወት መያዝ የእኛ የልጆቹ ሥራ ነው። እጃችን ከተንቀጠቀጠ ቁጣ አለ።

በሽታው የዓይን ማዝ እንደሚባል የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሲመላለስ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ይይዛል፣ ይኮማተራል፤ ከዚያ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ ከዓለም እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን ከባድ አይደለም። ለዚሁ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አካባቢውን አደንዝዞ፣ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ዘመቻ ሲኖር ደግሞ በነጻ ነው።

ታዲያ እትዬ ለምን አልሄደችም? የሚወስዳት አልነበረማ! ዓይኗ ታሽጎ ማን እጇን ይዞ ይመልሳታል? ጥቂት ቀን ማን እሳት ያነድላታል? እኔ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ሆኜ ለአንድ አዳራሽ ማሠሪያ የእራት ግብዣ ቲኬት እሸጥ ነበር። ራሴም ሁለት ቆርጫለሁ። አዳራሹ እስከ ዛሬ ጣሪያ አልለበሰም። የእትዬ የመሄጃና የመመለሻ ወጪ፣ ለአስታማሚዋ የሚሰጠው ጭምር፣ የአንዱን ቲኬት ግማሽ አይሞላም።

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በዚያ ቁጭት ነው። ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ወረፋ አለው፤ የወንድም ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የታመመ ጎረቤት፣ የደብሩ ቆርቆሮ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የተጠለለው ሕዝብ፣ በራፍ ላይ የቆመው የእኔ ቢጤ። ለማን ነው የምንሰጠው? ብዙዎቻችን የምንሰጠው ለተሰለፈው ሳይሆን ለጮኸው ነው።

ፒተር ሲንገር የተባለው አውስትራሊያዊ ፈላስፋ ለዚህ ጥያቄ ቀዝቃዛ መልስ አለው፦ ቁጠር። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነ ስውር መሪ ውሻ አሠልጥኖ መስጠት 40,000 ዶላር ገደማ ይፈጃል፤ በዚያው ገንዘብ እንደ እትዬ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመታወር ይድናሉ ይላል። ቁጥሩ ያከራክራል፤ ሐሳቡን ግን ማምለጥ አይቻልም። ወረንጦዋን ላየ ሰው በተለይ። ችግሩ፣ ስሌቱን እስከ ጫፍ ከተከተልነው ለእናታችን መድኃኒት መግዛትም ብክነት ሊመስል ነው። እዚያ ድረስ አብሬው አልሄድም።

መካከለኛውን መንገድ ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ፣ ከአይሁድ ሕግ ነው። ቃሉ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ጽዳቃ» ይሉታል፤ ከእኛ «ጽድቅ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ወደ ፍትሕ ያደላል፦ የሰጠ ሰው ዕዳውን ከፈለ እንጂ ቸር ሆነ አይባልም። (የእኛ «ምጽዋት»ም ከአይሁድ አራማይክ የመጣ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ።) ዕዳ ከሆነ ደግሞ መጠንና ተራ ይኖረዋል። መጠኑ አስራት ነው፤ የጥንት መምህራን ግን ከአምስት አንድ በላይ አትስጥ ብለው ከልክለዋል፣ ሰጪው ራሱ ነገ ለማኝ እንዳይሆን። ተራውን ያወጡት ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ነው፦ መጀመሪያ ዘመድ፣ ቀጥሎ የከተማህ ድሃ፣ ቀጥሎ የሌላ ከተማ ድሃ። እንጀራ ለጠየቀ አይመረመርም፤ ልብስ ለጠየቀ መጠየቅ ይቻላል ያሉም አሉ። እኔ ይህቺን ወድጃታለሁ፤ በራፍ ላይ ቆሞ የራበውን ሰው መስቀለኛ ጥያቄ ከመጠየቅ ገላግላኛለች።

ሙሴ ማይሞኒደስ፣ እዚህ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን ግብፅ ውስጥ ሐኪምም የሕግ ሊቅም የነበረው ሰው፣ አሰጣጥን በ8 ደረጃ ከፍሎታል። ታችኛው እያጉረመረሙ መስጠት ነው። ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበት ስጦታ ከላይ ሁለተኛ ነው። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ግን ስጦታ የማይመስለው ነው፦ ማበደር፣ መሸረክ፣ ሥራ ማስያዝ፤ ሰውየው ከእንግዲህ እጁን እንዳይዘረጋ። ለመዘዞና ለመንዝ ሰው ይህ በግ ማለት ነው። እናት በግ ለርቢ መስጠት፣ ግልገሉን መካፈል፣ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አርሶ አደሮች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የመንዝን በግ አውራ እየመረጡ ማራባት ጀምረዋል። ስለዚህ በግ ልትሰጡ ካሰባችሁ ገበያ ላይ የተገኘውን ኮሳሳ ጎትታችሁ አትምጡ፤ አርቢዎቹን ጠይቁ።

ወደ ተራው ልመለስ፤ የሚቆረቁረኝ እሱ ነው። ዘመድ ይቀድማል፣ እሺ። ግን ዘመድ አያልቅም! የአንዱን ልጅ ክፍያ ስትጨርሱ የሌላው ሠርግ ይደርሳል። ይህን በግልጽ የተናገረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ ቤላሩስ በሚባለው አገር፣ በኖቮግሩዶክ ከተማ የነበረ ራቢ ይሒኤል ሚኽል ኤፕስታይን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁሉም ለዘመዱ ብቻ ከሰጠ፣ ሀብታም ዘመድ የሌለው ድሃ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ዘመዶቹ ቢበዙም፣ ከሚሰጠው ላይ ለማይዛመደው የተወሰነ ማስቀረት አለበት። ለቅርቡ ይብለጥ፤ ለሩቁ ግን ባዶ አይሁን።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአገር ልጆች ስብሰባችን ነው። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ገንዘብ እናዋጣለን፤ የሚሄደው እኛ ወደተወለድንበት ነው። ልክ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መዘዞ ሲደርስ ቀድሞ ስልክ የደወለውም ስንቅ የላከውም የአገር ልጅ ነው። ግን ከገደሉ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ አንድም ልጁ አዲስ አበባ ያልዘለቀ መንደር አለ። ለእሱ የሚሰበሰብለት የለም። ድህነቱ ከእኛ መንደር ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አንዳንዱ ደግሞ በቦታ ቅርብ ሆኖም ሩቅ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሸማ የሚሠሩ፣ ሸክላ የሚያበጁ፣ አዲስ አበባ ቀጨኔ ውስጥም ወገን ያላቸው፣ የዘር ሐረጋቸውን ከአይሁድ የሚቆጥሩ ቤተ አብርሃም የሚባሉ ሰዎች አሉ። በእነሱ እንስራ ውሃ ጠጥተን፣ በእነሱ ምጣድ ጋግረን «ቡዳ» ያልናቸው እኛ ነን። ለጎረቤት ቅድሚያ እንስጥ ስንል ጎረቤት ብለን የቆጠርነው ማንን ነበር?

ሁለት ታሪክ ልጨምር፤ ሁለቱም በአገራችን የሆኑ ናቸው። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ 14,325 ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። እንዲለቀቁ ለኢትዮጵያ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል፤ የአሜሪካ አይሁድ በጥቂት ቀን ያሰባሰቡት ነው። ለአንድ ሰው 2,440 ዶላር ገደማ ይመጣል። ምርኮኛ ማስፈታት በአይሁድ ሕግ ከምጽዋት ሁሉ የላቀ ነው። ግን ያው ሕግ ምርኮኛን ከዋጋው በላይ አትዋጅ ይላል፤ ማራኪው ነገም ገበያ እንዳያገኝ። ሲንገር ከመወለዱ 1,700 ዓመት በፊት መዘዙን ያሰላ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ዶክተር ሪክ ሆድስ ነው፤ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ለእርዳታ መጥቶ የቀረ አሜሪካዊ አይሁድ ሐኪም። አዲስ አበባ በማዘር ተሬዛ ቤት የአከርካሪ ነቀርሳ ጀርባቸውን ያጎበጣቸው ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች አገኘ። የሚያሳክምበት ሲያጣ በጉዲፈቻ ልጆቹ አደረጋቸውና በራሱ የጤና ዋስትና አሜሪካ አሳከማቸው። ቆጣሪው ይቆጣል፦ የአንድ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ዋጋ ስንት ዓይን ያድናል! እውነት ነው። እኔ ግን ሰውየውን አልከሰውም። ሐኪም ነው፤ ልጆቹ የቀረቡት በሰፈር ሳይሆን በሙያው ነው። ከሁለቱ የተጀመረውም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ጋና ድረስ ሄደው የሚታከሙበት መንገድ ሆኗል። ቅርበት እጃችሁ የሚደርስበትም ነውና ሙያችሁን ጠይቁ። የሂሳብ ሠራተኛ ለአንድ እድር መዝገብ ቢያስተካክል ከሚያዋጣው ብር ይበልጥ ይሆናል።

እኔ ዛሬ የማደርገውን ልናገር፤ ይበጃል ካላችሁ ውሰዱ። ደመወዝ ሲገባ አስራቱን አስቀድሜ ወደ ሌላ ሂሳብ አዛውራለሁ፤ ከኪሴ ጋር ካልተለየ ልመናው ሁሉ እኔን የሚሰርቀኝ ይመስለኛል። ከእሱ ግማሹ የዘመድ ነው፣ ሩቡ የመዘዞ። የቀረው ሩብ ዘመድ ለሌለው ድሃ ነው፤ እሱን ስሰጥ ልቤን ሳይሆን ሂሳቤን እሰማለሁ፦ በዚህ ብር ከሁሉ ብዙ የሚጠቅመው የትኛው ነው? የምሰጠውን ማኅበር የወጪ መዝገብም እጠይቃለሁ። «ለነፍስ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ዝም አልልም፤ አዳራሹ አስተምሮኛል።

እትዬ በመጨረሻ ታክማለች። ወረንጦዋን ግን አልጣለችም፤ ፀጉሩ ተመልሶ ሊታጠፍ እንደሚችል ነግረዋታል። ባለፈው ስደውልላት የዚያን ሩብ ነገር አጫወትኋት። ሳቀችብኝ።

«ለማታውቀው ሰው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ዝም አለች። ቀጥላ፣ «ከታች ከቆላ ሽንኩርት ይዛ የምትመጣ ሴትዮ አለች» አለችኝ። «ገበያ መሐል ስትነቅል አየኋት። ልጅም የላት።»

የሚቀጥለው ዘመቻ ሲመጣ የወሰደቻት ራሷ እትዬ ናት። እኔ የመኪናውን ላክሁ።