ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ድሬድ የሚጠማው ውሃ ነው

ድሬድ የሚያበቅል ሰው ፀጉሩን አይታጠብም የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። በየገዳሙ ደጅ የምናያቸው ባሕታውያን ቁንዳላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ አርበኞች ፎቶግራፍ፣ በኋላም ከጃማይካ መጥተው ሻሸመኔ የሰፈሩት ራስታዎች፤ ሰው በዓይነ ኅሊናው የያዘው ሥዕል ምላጭና ማበጠሪያ ያልደረሰበት ፀጉር ነው። ማበጠሪያ አለመንካትና ውሃ አለመንካት ግን ለየቅል ናቸው። እንዲያውም ወዝ የጠገበ ፀጉር ስለሚያዳልጥ እርስ በርሱ ቶሎ አይያያዝም፤ ንጹሕ ፀጉር ነው ፈጥኖ የሚቋጠረው። “አልታጠብም፣ ይፈታብኛል” የሚል ሰው የሚፈራው ነገር የሚደርስበት ባለመታጠቡ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ግን ድርቀትን በቅባት ለመፈወስ መሞከር ነው። አንድ ሰው ድሬድ ባስጀመረ በሁለተኛው ወር ፀጉሩ ገለባ መስሎ ሲያገኘው ሱቅ ሄዶ ቫዝሊን ይገዛል። ለሦስት ቀን ያብለጨልጫል። በአራተኛው ቀን ከላይ ቅባት፣ ከውስጥ ገለባ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቫዝሊንም ሆነ በዘይት ውስጥ ውሃ የለም። ፀጉርን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው፤ ቅባት ክዳን ነው፤ ባዶ ድስት ቢከድኑት ባዶነቱ አይቀርም።

ድሬድ ለምን ከሌላው ፀጉር ይበልጥ ይደርቃል? በእያንዳንዱ ፀጉር ሥር ወዝ የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ አለ። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ወዙ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቸገር ይወርዳል። የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው ይቀራል፤ ሲቋጠር ደግሞ መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። ሌላም አለ። ማንኛችንም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍልናል። የሚያበጥር ሰው የረገፈውን በማበጠሪያው ያወጣዋል፤ ድሬድ ያለው ሰው ግን እዚያው ውስጥ ያስቀረዋል። ድሬድ የሚወፍረው አንድም በዚህ ነው። እናም 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ድሬድ፣ ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል ብንል፣ ጫፉ ላይ ያለው ፀጉር ሁለት ዓመት ተኩል ፀሐይና ነፋስ ያየ ነው። ከሥሩ ጋር እኩል እንዲለሰልስ አይጠበቅም። ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት ስለሌለው ራሱን አይጠግንም፤ “ፀጉርዎን ይመግቡ” የሚለው ማስታወቂያ የሚመግበው ሻጩን ነው።

የዘወትር እንክብካቤው እንግዲህ ብዙ ጣጣ የለውም። በመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ይያዙ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በበጋ ከዚያም በላይ፣ ድሬዱ እስኪለሰልስ ድረስ ይርጩት፤ እስኪንጠባጠብ አይደለም። ከዚያ ከአራት አምስት ጠብታ የማይበልጥ ዘይት መዳፍዎ ላይ አሽተው ከመካከል ወደ ጫፍ ይሳቡት። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት፤ ዘይት ቀድሞ ከገባ ውሃው ላዩን ተንከባሎ ይወርዳል።

ውሃው ውስጥ ግሊሰሪን መጨመር የለመደ ሰው ብዙ ነው። በየሱቁ የሚገኝ፣ ርካሽ ነገር ነው፤ መጥፎም አይደለም። ግሊሰሪን ውሃን ይስባል። ከየት ይስባል የሚለው ነው ጥያቄው። አየሩ እርጥበት ካለው ከአየሩ ይስባል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋ አየር ግን የሚሳብ እርጥበት ስለሌለ ሳይበረዝ የተቀባ ግሊሰሪን ከፀጉሩ ከራሱ ይወስዳል። ሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በክረምት ደግሞ ባይጨምሩት ይሻላል፤ ድሬዱ ያብጣል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ ሆነው ቀኑን ሙሉ ኤር ኮንዲሽነር ሥር የሚውሉ እኅቶችና ወንድሞች ውጭው የቱንም ያህል ቢሞቅ ራሳቸውን በደረቅ አየር ውስጥ እንዳለ ሰው ይቁጠሩ።

የቅቤው ነገር

እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር መጣላታችን ነው። ለጋ ቅቤ በአደስ ተለውሶ ራስ ላይ ተለጥፎ፣ በፌስታል ተሸፍኖ፣ ሻሽ ታስሮበት ፀሐይ ላይ መቀመጥ የማያውቀው የሀበሻ ቤት የለም። በማግሥቱ ሲታጠቡት ፀጉሩ እንደ ሐር ይሆናል፤ ማንም አይክድም። ቅቤ መጥፎ ነው የሚሉ የዘመኑ መካሪዎች በዚህ ይሳሳታሉ። ቁም ነገሩ “በማግሥቱ ሲታጠቡት” የሚለው ላይ ነው። የተፈታ ፀጉር ወይም ሹሩባ ሊፈርስ የደረሰ ፀጉር ላይ ያለ ቅቤ በሻምፖ ይለቃል። ድሬድ ውስጥ የገባ ቅቤ ግን በአንድ እጥበት አይወጣም፤ እዚያው ይከርማል፣ ይሻግታል፣ ሽታውም የአደሱን መዓዛ ያስረሳል።

ሐመሮች ሳ? ሴቶቻቸው ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር እየለወሱ ያን የመሰለ ውበት ይሠሩ የለም ወይ? ይሠራሉ። ግን ሐመር ቆላ ነው። ቅቤ የሚቀልጠው ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ፀጉሩን ያዳርሳል። የራስ ቆዳ ላይ የትም ቢሆን ይቀልጣል፤ ከትከሻ በታች የወረደ የድሬድ ጫፍ ግን የአየሩን ሙቀት ነው የሚይዘው። የአዲስ አበባ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወቅት ቅቤው ረግቶ ነጭ ሆኖ በድሬዱ ወገብ ላይ ይቀመጣል። ጣትዎ ላይ ሰም ሰም የሚል ነገር ካገኙ እሱ ነው። ቫዝሊን፣ የንብ ሰምና “ለድሬድ ማጠንከሪያ” ተብለው የሚሸጡ ወፋፍራም ቅባቶችም ከዚህ ቢብሱ እንጂ አይሻሉም።

ቅቤን መተው ላልሆነላችሁ አንድ መንገድ አለ፦ ከመታጠባችሁ በፊት በነበረው ምሽት፣ ጫፉን ብቻ፣ በጥቂቱ። የኮኮናት ዘይትም ጥሩ የሚሠራው በዚሁ ሰዓት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የህንድ ተመራማሪዎች የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድረው ነበር፤ ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ወደ ፀጉሩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ሌሎቹ ላዩ ላይ ይቀራሉ። ተመራማሪዎቹ የኮኮናት ዘይት በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ፤ ይህንንም አብሮ ማወቅ አይከፋም። የጉሎ ዘይት ፀጉር ያሳድጋል የሚባለውን ግን እኔ አላምንበትም። ወፍራምና አጣባቂ ስለሆነ ክዳንነቱ ደኅና ነው፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር አይጠብቁበት። የተልባ ልጋግ ለፍሪዝ የሚስማማውን ያህል ለድሬድ አይስማማም፤ ሲደርቅ እየተፈረፈረ ፎረፎር መስሎ ውስጥ ይቀራል።

የመታጠቢያው ቀን

አዲስ የተጀመረ ድሬድ የመጀመሪያውን ሦስት አራት ሳምንት ሻምፖ ባይነካው ይመረጣል፤ ርጭቱ ግን አይቋረጥ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ እንዳይፈታ የሚያሰጋ ከሆነ ራስ ላይ ስቶኪንግ አጥልቆ ሻምፖውን በላዩ ማሸት ነው። የጠነከረ ድሬድ በየሳምንቱ ቢታጠብም አይከፋውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመታጠቢያውን ቀን የሚወስነው ፀጉሩ ሳይሆን ቧንቧው ነው፤ ቢሆንም በጀሪካን ውሃ የሚታጠብ ሰው ከማጠቢያው ይልቅ ለማለቅለቂያው ሁለት እጥፍ ውሃ ያስቀምጥ። ድሬድ ውስጥ የቀረ ሻምፖ ከቀረ ቅቤ አይሻልም። በልብስ ሳሙና አይታጠቡ፤ አልካሊነቱ የፀጉሩን ቅርፊት ያስነሣል፤ ውሃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ደግሞ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል።

ዝቃጩ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሮ መጨረሻ ላይ ማለቅለቅ ይረዳል። ይህን የሰሙ ሰዎች ብልጥ ሆነው ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩበታል። አረፋው ያስደስታል፤ ግን ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ስለሚሰብር የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው።

አሁን ብዙ መጽሐፍ የማይነግርዎት ነገር፦ ውሃው መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም አለበት። ፀጉር እስከ ክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ ውሃ ሊጠጣ ይችላል፤ በድሬዱ ጭራዎች መካከል የሚያዘው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ታጥቦ፣ ውጩ ሲደርቅ ደረቀ ብሎ፣ ሻሽ አስሮ የሚተኛ ሰው በሳምንቱ የሚሸተው ሻጋታውን ነው፤ አንዴ ከያዘም ለማስለቀቅ ከባድ ነው። ስለዚህ በክረምት ጠዋት ይታጠቡ። ድሬዶቹን በጥቂት በጥቂቱ በፎጣ ውስጥ ጨምቀው ውሃውን ያውጡ፤ አይጠምዝዟቸው። ሲመሽ ወፍራሙን ድሬድ ሥሩ አጠገብ በሁለት ጣት ጨብጠው ይያዙት። ከቀዘቀዘ ውስጡ ውሃ አለ፤ ካስክ ሥር በመለስተኛ ሙቀት ይቀመጡ፣ መብራት ከሌለም ሻሹን ለዛሬ ይተዉት።

ሻሹ በሌላው ቀን ግን ያስፈልጋል፤ ሳቲን ቢሆን ይመረጣል። የጥጥ ትራስ ልብስ እርጥበቱን ይመጥጣል። ከሱ የባሰው ጋቢ ነው። ራስን በጋቢ ተከናንቦ መተኛት የሚወድ ሰው፣ በተለይ አዲስ ጋቢ ከሆነ፣ ጠዋት መስታወት ፊት ሲቆም ድሬዱ ላይ ነጫጭ የጥጥ ብናኝ ያያል። ያን ቀን በወረንጦ ይለቀማል። ከወር በኋላ ግን ፀጉሩ በላዩ ተጠምጥሞ ስለሚያድግ ብናኙ የድሬዱ አካል ሆኖ ይቀራል፤ መቁረጥ እንጂ መታጠብ አያወጣውም።

ስለ ማሠራቱ ጥቂት ልበል። ፀጉር ቤት ቁጭ ብላችሁ ሥሩን በእጅ ወይም በኪሮሽ ስታስጠነክሩ፣ “እኅቴ፣ ጠበቅ አድርጊልኝ፣ እንዲቆይልኝ” ማለት ተለምዷል። ሠሪዋም ደንበኛ ላለማጣት ታጠብቃለች። ቅንድብ የሚያነሣ፣ ሌሊት ትራስ የሚያስጠላ ውጥረት የሥራ ጥራት አይደለም። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ትንንሽ እብጠት ከወጣ ሥሩ እየተጎተተ ነው፤ ቶሎ ካላላሉት ፀጉሩ ይሸሻል፤ ዓመታት ከቆየ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ተመልሶ አይበቅልም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አያሠሩ፤ ሠሪዋም ሥሩን አርሳ አለስልሳ እንጂ ደረቁን እንዳትጠመዝዝ ይንገሯት፤ ደረቅ ፀጉር ሲጠመዘዝ ይሰበራል።

የሚያሳክክ ራስ ላይም እጃችን የሚሮጠው ወደ ዘይት ነው። ማሳከኩ ከድርቀት ከሆነ ውሃ ይበቃዋል። ፎረፎር ከሆነ ግን ዘይት ያባብሰዋል፤ ለፎረፎር ሰበብ የሆነችው ማላሴዝያ የተባለች እርሾ መሰል ፈንገስ የምትኖረው በወዝና በቅባት ነው፤ የወይራ ዘይት ስናፈስላት ቀለብ መስፈራችን ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን የኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ በድሬዶቹ መካከል ባለው ቆዳ ላይ በጣት ጫፍ አሽቶ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ማቆየትና ማለቅለቅ አብዛኛውን ጊዜ ያስታግሠዋል። ድሬዱን ራሱን በሱ ማጠብ አያስፈልግም፤ ያደርቃል። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ መግል ወይም ሲነኩት የሚያም እብጠት ካለ ግን የቤት ሙያ አይሞክሩበት። በተለይ ልጆች ላይ ላሽ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱ ደግሞ በሚቀባ ብቻ ሳይሆን በሚዋጥ መድኃኒት ስለሚታከም፣ የቆዳ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ላለ ሰው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለ። ሲሄዱ ድሬድዎን አይቁረጡ፤ በዚያ ቀን ጠዋትም ምንም ቅባት አይቀቡ፣ ሐኪሙ ቆዳውን እንዳለ ማየት አለበት።